የሥጋ ስጎ በእንፋሎት ድስት

1. የቅርጫው ሥጋ

ከዳባት ከፍ ብሎ ባለ አንድ መንደር ነው። ዕለቱ የፋሲካ ማግሥት ነው። ጎረቤታሞች ተሰባስበው በሬ በቅርጫ አረዱ። በሬው ብዙ ዓመት ያረሰ ነው። ጉልበቱ ሲደክም ለቅርጫ ዋለ።

አንዲት እናት ድርሻዋን ይዛ ገባች። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ድስቱን ጣደች። 5 ሰዓት ሆነ፤ ሥጋው እንደ ጠፍር ነው። 6 ሰዓት ሆነ፤ አሁንም ጥርስ አይገባውም። እንጨቱ አለቀ። ኩበቱም ሊያልቅ ነው። ልጆቹ ራባቸው። የእናትየዋ ዐይን በጭስ ቀላ።

ጎንደር ከተማ የምትሠራው ልጇ ለበዓሉ መጥታ ነበር።

«እማ፣ ምነው እንዲህ ትደክሚያለሽ? ያመጣሁልሽ ድስት እኮ እዚያ ቁጭ ብሏል» አለቻት።

«ኧረ ተይኝ ልጄ! ያ የሚያፏጭ ድስት ይፈነዳል ይላሉ። ልጆቼን ላቃጥል ነው?»

«አደጋ የሚያመጣው ሳያውቁ ሲነኩት ነው፣ እማ። እስቲ ነይ፤ ክዳኑን አብረን እንየው። አንቺም አሁን ቁጥር ታነቢያለሽ። እኔ ድስቱን እይዛለሁ፤ አንቺ ሰዓቱን ትይዣለሽ።»

እናትየዋ ፈገግ አለች። «እንግዲያስ ነገ እናየዋለን» አለች።

የእናትየዋ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። የልጅቷም ነገር እውነት ነው። ይህ ድስት ለሚያውቀው ሰው ማገዶና ጊዜ ይቆጥባል። ለማያውቀው ሰው ግን አደጋ ነው። በዚህ ትምህርት ሁለቱንም እናያለን። የምንሠራውም ምግብ ፓስታ በሥጋ ስጎ ነው።

2. በደጋ ሥጋ ቶሎ የማይበስለው ለምንድን ነው?

ብዙ ሰው «ውሃው ከፈላ ሙቀቱ ያው ነው» ብሎ ያስባል። እንዲህ አይደለም። ውሃ በቆላና በደጋ እኩል ሞቆ አይፈላም።

ምክንያቱ አየር ነው። አየር አይታይም፤ ነገር ግን ክብደት አለው። በምድር ላይ ያለውን ነገር ሁሉ ይጫናል። በድስት ውስጥ ያለውንም ውሃ ይጫናል። ውሃው የሚፈላው እንፋሎቱ ይህን ጫና አሸንፎ ሲወጣ ነው።

በባሕር ጠረፍ ከላያችን ያለው አየር ብዙ ነው። ጫናውም ከባድ ነው። ስለዚህ ውሃው እስከ 100 ዲግሪ ድረስ ሞቆ ይፈላል። ወደ ተራራ በወጣን ቁጥር ግን ከላያችን የሚቀረው አየር ያንሳል። ጫናውም ይቀላል። ውሃው ብዙ ሳይሞቅ ይፈላል። 300 ሜትር ያህል ከፍ ባልን ቁጥር የመፍያው ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል።

ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚያ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። በዚያ ውሃው ወደ 90 ዲግሪ ሲጠጋ መፍላት ይጀምራል። በራስ ደጀን ጫፍ፣ ከ4,500 ሜትር በላይ፣ ውሃ የሚፈላው በ85 ዲግሪ አካባቢ ነው።

አንድ ጊዜ ውሃው ከፈላ በኋላ እንጨት ብንጨምርበት ሙቀቱ አይጨምርም። ውሃው በኃይል ይንተከተካል፤ ቶሎም ይተናል፤ ከዚያ የበለጠ ግን አይሞቅም። ስለዚህ የደጋ እናት እሳት ማንደድ አቅቷት አይደለም። ሥጋው ዘግይቶ የሚበስለው የውሃው ሙቀት ስለሚያንስ ነው። የተጨመረው እንጨት በከንቱ ይነዳል።

ሥጋው ያረጀ የእርሻ በሬ ሥጋ ሲሆን ችግሩ ይብሳል። ብዙ የሠራ ጡንቻ ጅማት ይበዛበታል። ጅማት የሚላላው ረጅም ጊዜ ወይም ከፍ ያለ ሙቀት ሲያገኝ ነው።

3. የእንፋሎት ድስት እንዴት ይሠራል?

የእንፋሎት ድስት በከተማ ፕሬሸር ይባላል። ወፍራም የብረት ድስት ነው። ክዳኑ ዞሮ ይቆለፋል። ክፍሎቹን እንወቅ።

የጎማ ቀለበት፦ በክዳኑ ዙሪያ ይገባል። እንፋሎት በጎን እንዳይወጣ ያግዳል።

መተንፈሻ ቀዳዳ፦ በክዳኑ መካከል ያለ ጠባብ ቀዳዳ ነው። ትርፍ እንፋሎት በእሱ በኩል ይወጣል።

ክብደት፦ በመተንፈሻው ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ብረት ናት። እንፋሎቱ ሲበዛ ከፍ እያለች ታፏጫለች።

የአደጋ መከላከያ፦ መተንፈሻው ቢደፈን ራሱ ተከፍቶ እንፋሎቱን የሚያስወጣ ሌላ ቀዳዳ ነው።

ድስቱ ተቆልፎ ሲጣድ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል። ውስጥ ሲታመቅ ውሃውን ይጫናል። ያ ጫና በደጋ የጎደለውን የአየር ጫና ይተካል፤ ከዚያም ያልፋል። ስለዚህ ውሃው በጎንደር ከፍታ እንኳ ከ110 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። በተራ ድስት 3 ሰዓት የሚፈጅ ሥጋ በ1 ሰዓት ይበስላል።

ይህን ዓይነት ድስት መጀመሪያ የሠራው ዴኒስ ፓፓን የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ጊዜው በ1679 እ.ኤ.አ. ነው። ድስቱን ለንደን ከተማ ለሊቃውንት አሳየ። አጥንት እንኳ በድስቱ ውስጥ ይላላ ነበር። የታመቀ እንፋሎት ድስት ሊሰብር እንደሚችል አውቆም ትርፍ እንፋሎት የሚያስወጣ መክደኛ ሠራለት። እንግዲህ የድስቱ አደጋና የአደጋው መከላከያ ከጥንት ጀምሮ አብረው የሚታወቁ ናቸው።

4. ስጎ ወደ ጎንደር እንዴት መጣ?

ፓስታ ከስንዴ ይሠራል። ስንዴ በወገራና በዳባት የምናውቀው እህል ነው። አሠራሩና ስሙ ግን ከኢጣሊያ የመጣ ነው።

የኢጣሊያ ወራሪ ጦር ጎንደር የገባው በ1928 ዓ.ም. ነው። በከተማይቱ ሕንጻ ሠራ፤ መንገድ ዘረጋ። የጎንደር ፒያሳ የዚያን ዘመን ሕንጻዎች ዛሬም ያሳያል። ወራሪው ግን አልዘለቀም። አርበኞች በየተራራው ተዋጉት። በመጨረሻም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን ሰጠ።

ወራሪው ሄደ፤ ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ፉርኖና ስጎ የሚሉት ቃላት ግን በየቤቱ ቀሩ። ስጎ ለፓስታ የሚሆን ወጥ ማለት ነው። የእኛ ሴቶች ስጎውን እንደራሳቸው ባልትና ለወጡት። ሽንኩርቱን እንደ ወጥ ያቁላሉታል። በርበሬ ጣል ያደርጉበታል። ፓስታውን በእንጀራ የሚበላም ብዙ ነው።

5. የሚያስፈልጉ ነገሮች

ይህ ለ8 እስከ 10 ሰው ይበቃል። ድስቱ 5 ሊትር ወይም ከዚያ በላይ የሚይዝ ይሁን።

የበሬ ሥጋ 1 ኪሎ፣ በአውራ ጣት መጠን የተከተፈ
ቀይ ሽንኩርት ግማሽ ኪሎ፣ ደቆ የተከተፈ
ነጭ ሽንኩርት 1 ራስ
ካሮት 2
የበሰለ ቲማቲም ግማሽ ኪሎ
የቲማቲም ድልህ 2 የሾርባ ማንኪያ
ዘይት ግማሽ የሻይ ብርጭቆ
በርበሬ 1 የሾርባ ማንኪያ
የጥብስ ቅጠል 1 ትንሽ ዘለላ
ጨው እንደ ጣዕሙ
ውሃ 3 የውሃ ብርጭቆ
ፓስታ 2 እሽግ፣ ማለት 1 ኪሎ

የድልሁን ቆርቆሮ ስትገዙ የተጻፈበትን ቀን አንብቡ። ጊዜው ያለፈ ከሆነ ለባለ ሱቁ መልሱ። ያበጠ ቆርቆሮም አትግዙ።

ሥጋው ከጤነኛ ከብት ይሁን። ታሞ የሞተ ከብት ሥጋ በምንም ድስት ቢበስል አይበላም። አባ ሰንጋ ከእንዲህ ያለ ከብት ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ገና ሲገፈፍና ሲነካ እንኳ ይይዛል። ኮሶ የሚያመጣው የትል እጭ ግን ሥጋው በደንብ ሲበስል ይሞታል። የበሰለ ሥጋ ከጥሬው የሚሻልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

6. አሠራሩ

አንደኛ፦ ድስቱን መርምሩ። ክዳኑን ወደ ብርሃን አንሡና በመተንፈሻው ቀዳዳ ተመልከቱ። ብርሃን ከታየ ክፍት ነው። ካልታየ በቀጭን ሽቦ ጥረጉት፤ በውሃም እጠቡት። የጎማውን ቀለበት ዳብሱ። ከተሰነጠቀ ወይም ከደረቀ ይለወጥ።

ሁለተኛ፦ ድስቱን ክዳን ሳትገጥሙ ጣዱ። ሽንኩርቱን አቁላሉ። ሲጠወልግ ዘይቱን ጨምሩ። ቀጥሎ ሥጋውን አስገቡና መልኩ እስኪለወጥ አማስሉ። ነጭ ሽንኩርቱንና በርበሬውን ጨምሩ። በርበሬው እንዳያር ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉበት።

ሦስተኛ፦ ውሃውን ጨምሩ። የድስቱን መቀመጫ በእንጨት ማማሰያ ፈግፍጉ። የተጣበቀ ነገር ከቀረ ያርራል። ከዚያ ካሮቱን፣ ቲማቲሙን፣ የጥብስ ቅጠሉንና ጨውን አስገቡ። ድልሁን በመጨረሻ ከላይ አድርጉት። ድልህ ወፍራም ስለሆነ ከሥር ከተቀመጠ ያርራል።

አራተኛ፦ መጠኑን ተመልከቱ። ድስቱን በሐሳብ 3 ቦታ ክፈሉት። ምግቡ ከ2ቱ እጅ ማለፍ የለበትም። አንዱ እጅ ለእንፋሎት ባዶ ይቀራል።

አምስተኛ፦ ክዳኑን ገጥማችሁ ቆልፉ። እንፋሎቱ በመተንፈሻው በኩል ቀጥ ብሎ መውጣት ሲጀምር ክብደቷን አስቀምጡ። ክብደቷ ስታፏጭ እሳቱን ቀንሱ። ፉጨቱ ቀስ ያለ ይሁን። ኃይለኛ ፉጨት ውሃውን ያስጨርሳል እንጂ ሥጋውን አያፈጥነውም።

ስድስተኛ፦ ሰዓት ያዙ። የእጅ ሰዓት ወይም የሞባይል ስልክ ይበቃል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ፉጨቱ ከጀመረበት ጊዜ ነው። በጎንደር ከተማ ከፍታ 45 ደቂቃ ያህል ይበቃል። በዳባትና በደባርቅ ከፍታ 50 ደቂቃ ያህል ያዙ። የበሬው ሥጋ ያረጀ ከሆነ ግን 1 ሰዓት ይቆይ። በመካከሉ የማረር ሽታ ከመጣ ወይም እንፋሎቱ ከቆመ ድስቱን ወዲያው አውርዱ።

ሰባተኛ፦ ድስቱን አውርዱና ሳትነኩት 20 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ክብደቷን በረጅም የእንጨት ማንኪያ ቀስ አድርጋችሁ ነካ አድርጉ። «ሽሽ» የሚል ድምፅ ካለ እንፋሎት ገና አለ። ተዉት። ድምፁ ጨርሶ ሲጠፋ ክብደቷን አንሡ። ክዳኑ በቀላሉ ከዞረ ክፈቱት። እንቢ ካለ አታስገድዱት፤ አሁንም ጠብቁ። ስትከፍቱ ፊታችሁን ወደ ኋላ አድርጉ።

ስምንተኛ፦ ስጎው ከቀጠነ ክዳኑን ሳትገጥሙ 10 ደቂቃ ያህል መልሳችሁ ጣዱት። እያማሰላችሁ አወፍሩት።

7. ፓስታውን መቀቀል

ፓስታ በእንፋሎት ድስት ውስጥ አይቀቀልም። አረፋው ወደ ላይ ወጥቶ መተንፈሻውን ይደፍናል። በሌላ ሰፊ ድስት ቀቅሉት።

ለ1 ኪሎ ፓስታ ከ5 ሊትር ያላነሰ ውሃ አፍሉ። ጨው ጨምሩ። ውሃው ሲንተከተክ ፓስታውን አስገቡና እንዳይጣበቅ አማስሉ። በእሽጉ ላይ የመቀቀያው ደቂቃ ተጽፏል። ያ ቁጥር ለደጋ አይበቃም። የተጻፈው 10 ደቂቃ ከሆነ፣ በደጋ 3 ወይም 4 ደቂቃ ጨምሩ። አንድ ዘንግ አውጥታችሁ ቅመሱ። መካከሉ ነጭ ካልሆነ በስሏል። አጥልላችሁ ስጎውን አፍሱበት።

በጾም ቀን በሥጋው ፈንታ ድፍን ምስር ይገባል። ምስር ግን አረፋ ያወጣል፤ ያብጣልም። ስለዚህ ምስር ሲሆን ድስቱ ከግማሽ በላይ አይሞላ። ለምስር 15 ደቂቃ ያህል ይበቃል።

8. ጥንቃቄ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። በዚህ ድስት አደጋ ከሚደርስባቸው ብዙዎቹ የሚጎዱት ክዳኑን በችኮላ ሲከፍቱ ነው። በውስጡ የታመቀው እንፋሎት ወጡን ይዞ ፊት ላይ ይረጫል። ስለዚህ እነዚህን እንጠብቅ።

በክብደቷ ላይ ድንጋይ ወይም ሌላ ነገር አትጫኑ። መተንፈሻውን አትድፈኑ። ተራ ድስትንም በሊጥ አሽጎ የእንፋሎት ድስት ለማድረግ አትሞክሩ። ተራው ድስት ትርፍ እንፋሎት የሚያስወጣበት መላ የለውም።

የሚነድ እንጨት ነበልባል የድስቱን እጀታ ያቃጥላል፤ ለመቀነስም አይመችም። የከሰል ምድጃ ይሻላል። ከሰሉ ግን በር ክፍት በሆነበት ቦታ ይንደድ። የደጋ ብርድ አስቸግሮን በርና መስኮት ዘግተን ከሰል ብናነድ የከሰሉ ጋዝ ይገድላል። ያ ጋዝ አይታይም፤ አይሸትምም።

ድስቱ ሲጣድ ልጆች ይራቁ። ከምድጃውም ተነሥታችሁ ውሃ ለመቅዳት አትሂዱ።

ሰው ከተቃጠለ፣ ቁስሉን ወዲያው በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ያህል አፍስሱበት። ቅቤ፣ ጭቃ ወይም የጥርስ ሳሙና አትቀቡት። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

9. ድስቱ ለሌለው ሰው

የእንፋሎት ድስት ርካሽ አይደለም። እያንዳንዱ ቤት ሊገዛው አይችል ይሆናል። ነገር ግን ሥጋ በየቀኑ አይበላም። ጎረቤታሞች አዋጥተው አንድ ድስት ቢገዙ በተራ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ቅርጫ የሚካፈሉ ሰዎች ድስት መካፈል አያቅታቸውም። ከመግዛታችሁ በፊት መለዋወጫ ጎማ በገበያው መኖሩን ጠይቁ። ጎማው ሲያልቅ ሌላ ካልተገኘ ድስቱ አይሠራም።

ድስቱ እስኪገዛ ድረስ ሥጋውን አሳንሳችሁ ክተፉ። ድስቱን በደንብ ክደኑ። ውሃው አንድ ጊዜ ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሱ። በኃይል ቢንተከተክም ቀስ ብሎ ቢፈላም የውሃው ሙቀት ያው ነው። እሳቱን የቀነሰ ሰው ማገዶውን አተረፈ።

ማገዶ ማትረፍ ትልቅ ነገር ነው። እንጨቱን ከሩቅ ተሸክመው የሚያመጡት እናቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ኩበቱም ባይነድ ኖሮ በማሳው ላይ ቀርቶ አፈሩን ያዳብር ነበር። በምድጃ ውስጥ በከንቱ የነደደ ኩበት ከገብሱና ከስንዴው የተወሰደ ነው።

10. በማግሥቱ

በማግሥቱ ልጅቷ የተረፈውን የቅርጫ ሥጋ ከተፈች። እናትየዋ ክዳኑን ወደ በሩ ብርሃን አነሣች። በቀዳዳው ተመለከተች። «ክፍት ነው» አለች። ድስቱ ተጣደ። ፉጨቱ ሲጀምር እናትየዋ የልጇን ስልክ ተቀብላ ሰዓቱን አነበበች። «4 ሰዓት ከ10» አለች። ልጅቷ በከሰል ቁራጭ ግድግዳው ላይ ጻፈችው።

1 ሰዓት ሞላ። ድስቱ ወረደ። ትንሹ ልጅ «እማ፣ ራበኝ፤ ክፈችው!» አለ።

«ቆይ ልጄ። ገና 20 ደቂቃ አለው» አለች እናትየዋ።

ጠበቀች። ድምፁ ጠፋ። ክዳኑ በቀላሉ ዞረ። ሥጋው በማንኪያ ሲነካ ተፈረፈረ። ከሰሉ ግን ገና ግማሹ አልነደደም። በተረፈው ከሰል ፓስታው ተቀቀለ፤ ቡናውም ተፈላ።

ጥያቄዎች

1. ውሃ በጎንደር ከተማ በስንት ዲግሪ ገደማ ይፈላል? በደባርቅ ለምን ከዚያ ያንሳል?
2. ውሃው ከፈላ በኋላ እንጨት መጨመር ሥጋውን ለምን አያፈጥነውም?
3. መተንፈሻው ክፍት መሆኑን እንዴት እናውቃለን?
4. ክዳኑን ከመክፈታችን በፊት ምን ምን ማድረግ አለብን?
5. ፓስታ በእንፋሎት ድስት ውስጥ ለምን አይቀቀልም?
6. በመንደራችሁ አንድ የእንፋሎት ድስት በጋራ ቢገዛ እንዴት በተራ ትጠቀሙበታላችሁ? ተወያዩበት፤ የተስማማችሁበትንም በ5 መስመር ጻፉ።